የመመለስ ጥያቄ በኃይሌ ገሪማና በሺሪኪያና አይና ፊልሞች

1. መግቢያ

ከሩቅ አገር የመጣን ሰው በእኛ ዘንድ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንደኛው በአፍ የሚጠየቅ ነው፤ «እንዴት ከረምህ?» ይባላል። ሁለተኛው ከአፍ አይወጣም፤ በዓይን ነው የሚጠየቀው፤ «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚል ነው። ለአንደኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ይበቃል። ለሁለተኛው መልስ ያጣ ሰው ግን መጣ ይባል እንደሆነ እንጂ ተመለሰ አይባልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኃይሌ ገሪማንና የባለቤቱን የሺሪኪያና አይናን ፊልሞች አንድ በአንድ በመውሰድ፣ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በየፊልሙ እንዴት እንደተነሣና ምን መልስ እንዳገኘ መመርመር ነው።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛ፣ መምህርና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘው መጽሐፋቸው የጎንደርን አርበኞች ታሪክ ለሚያጠና ሰው እንግዳ አይደለም። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ በመጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ቲያትር፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮም ዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። ሺሪኪያና አይና አፍሪካ አሜሪካዊት ስትሆን፣ እርሷም ሎስ አንጀለስ ከተማሩት ጥቁር የፊልም ሠሪዎች ወገን ናት። ቻርልስ በርኔትንና ጁሊ ዳሽን ያፈራው ይህ ትውልድ በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ሁለቱ በእያንዳንዱ ፊልም ላይ በእኩል ስም የሚፈርሙ አዘጋጆች አይደሉም። ታላላቆቹን የትወና ፊልሞች ያዘጋጀው ኃይሌ ነው፤ ሺሪኪያናም የራሷን ዘጋቢ ፊልሞች አዘጋጅታለች። በ«ሳንኮፋ» ላይ ግን በፕሮዲዩሰርነት አብረው ሠርተዋል፤ ፊልሙን ለተመልካች ያደረሱትም አብረው ነው። ስለሆነም እኔ ሥራዎቻቸውን የማነባቸው በአንድ ቤት ውስጥ እንደሚካሄድ ረጅም ክርክር ነው። የክርክሩን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልግለጽ። ለኃይሌ መመለስ በመጀመሪያ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ሰው የሚመለሰው የተሰበረ ትዝታውን ሲጠግን ነው። ለሺሪኪያና ግን መመለስ የቤት ጉዳይ ነው፤ ሰው የሚመለሰው የሚገባበት በር፣ የሚቆምበት መሬት፣ የሚሠራው ሥራ ሲኖረው ነው። ስሟን እየዘለለ ፊልሞቹን የሚያነብ ሐያሲ የክርክሩን ግማሽ አይሰማም ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምጽፈው ከባሕር ዳር፣ ከጣና ደቡብ ዳርቻ ነው። የ«ጤዛ» መቼትም ይኸው ሐይቅ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ የሩቅ ሰው ጥያቄ አይሆንም።

2. «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» (1976)

ይህ ፊልም የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974 ክረምት፣ የንጉሡ ሥርዓት በሚንኮታኮትበት ሰሞን ነው። ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ንግግሩ አማርኛ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሲሆን ታሪኩ በአንድ ባለመሬትና ለእርሱ በሚያርስ የጭሰኛ ቤተሰብ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ርእሱ ራሱ ሰምና ወርቅ አለው። «ሦስት ሺ ዓመት» የሚለው ቁጥር ለተመልካቹ ጆሮ እንግዳ አልነበረም፤ የአገር ኩራት የሚቆጠርበት ቁጥር ነው። ሰሙ ይህ ነው። ኃይሌ ከፊቱ «ምርት» የሚለውን ቃል ሲያኖርበት ግን ወርቁ ይወጣል፤ የተቆጠረው ዘመን የአራሹ የድካም ዘመን ይሆናል። ምርቱ የማን እንደሆነ ፊልሙ በስብከት አይነግረንም። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ጭሰኛው ያርሳል፤ ፀሐይ ትወጣለች፤ ትጠልቃለች። በአንድ የሕልም ትዕይንት ሰዎች እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ እናያለን። የሚያስደነግጠው ሕልሙ ከእውኑ ብዙ አለመራቁ ነው። የፊልሙ ዝግታ ብዙ ተመልካቾችን ሲያሰለች አይቻለሁ። ነገር ግን ዝግታው የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ የሦስት ሺ ዓመቱን ክብደት ትከሻችን ላይ የሚያሳርፍ የጭብጡ አካል ነው።

በዚህ ፊልም ውስጥ ከሩቅ የመጣ ሰው ያለ አይመስልም። ሆኖም አንድ አለ፤ እርሱም ከበበ ነው። ከበበ ለአገሩ ከጣሊያን ጋር ተዋግቶ ሲመለስ መሬቱን ያጣ ሰው ነው። መንደሩ እብድ ይለዋል። ይዞ የመጣው ነገር ከማንም ይበልጣል፤ ነፃነት ይዞ ነው የመጣው። የተቀበለው ግን የለም። የኃይሌ የመጀመሪያው ተመላሽ ይህ ሰው ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ሁሉ የእርሱ ዘመዶች ናቸው። በቃል ባህላችን እብድ እውነት የመናገር ፈቃድ አለው፤ ሰሙ ልፍለፋ ስለሚመስል ወርቁን የሚከስሰው የለም። ኃይሌ ይህን ልማድ አዋቂ ነው፤ የመንደሩን ታሪክ በሥርዓት የሚያውቀውና የሚናገረው እብድ የተባለው ሰው ነው።

የጭሰኛው ልጅ የጌታዋን ላም ከደራሽ ውሃ ለማዳን ስትታገል ትሞታለች። ከበበ በበኩሉ ባለመሬቱን በዱላው ይገድላል። ፊልሙ ለሕዝብ በታየበት ጊዜ መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ነበር። ይህን ይዘው «ፊልሙ ገና ሳይወለድ አረጀ» የሚሉ ሊኖሩ ይችላሉ። እኔ አልስማማም። የከበበ ጥያቄ መሬት የማን ነው የሚል ብቻ አይደለም፤ ለአገር የደከመ ሰው ሲመለስ ማን ይቀበለዋል የሚልም ነው። ይህን ጥያቄ አዋጅ አልመለሰውም። ፊልሙ ከጊዜ በኋላ በማርቲን ስኮርሴዚ አነሳሽነት በተቋቋመው የዓለም ሲኒማ ድርጅት አማካይነት ታድሶ ዳግመኛ መታየቱም ይህን ያስረዳል።

3. «ቡሽ ማማ»፣ «ጡብ በጡብ»፣ «አመድና ፍም»

«ቡሽ ማማ» እ.ኤ.አ. በ1975 ተሠርቶ በ1979 የወጣ የኃይሌ ፊልም ነው። መቼቱ ዋትስ የተባለው የሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሠፈር ነው። ዶርቲ ባሏ ባልሠራው ወንጀል ታስሮባት ልጇን በመንግሥት ድጎማ የምታሳድግ፣ ሌላ ልጅም ያረገዘች ሴት ናት። ፊልሙ ሲከፈት ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ይህ ትዕይንት በተዋናዮች የተቀነባበረ አይደለም፤ የቀረፃው ቡድን አባላት በእውን የደረሰባቸው ነው። በዚህ ዓይነት ልቦለዱ ገና ሳይጀመር እውኑ ዓለም በሩን ገፍቶ ይገባል።

ዶርቲ ወደ የትም አልሄደችም፤ ስለዚህ የምትመለስበት ያለ አይመስልም። ሆኖም ግድግዳዋ ላይ ሕፃንና ጠመንጃ የያዘች አፍሪካዊት ሴት ሥዕል ተለጥፏል። ፊልሙ ዶርቲን ቀስ በቀስ ወደዚያች ሴት ይወስዳታል። ልጇን ሊደፍር የመጣውን ፖሊስ ገድላ ስትታሰር ሰው ሠራሽ ፀጉሯን አውልቃ እናያታለን። መመለስ እዚህ ላይ የቦታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የራስን ፊት መልሶ ማግኘት ሆኗል። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2022 ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ፊልሞች መካከል መዝግቦታል።

የሺሪኪያና «ጡብ በጡብ» (1982) ከዚህ ቀጥሎ ሊታይ ይገባል። አጭር ዘጋቢ ፊልም ነው። የዋሽንግተን ጥቁር ነዋሪዎች ቤታቸው ለባለሀብት እየተሸጠ ከሠፈራቸው ሲፈናቀሉ፣ በአንጻሩ ደግሞ የሲተን መንገድ ተከራዮች ተባብረው የሚኖሩበትን ቤት ለመግዛት ሲታገሉ ያሳያል። እዚህ የሚፈነዳ ቁጣ የለም፤ ስብሰባ፣ ሒሳብ፣ ውል አለ። ዶርቲ ያጣችው ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኃይሌ ሰው በራሱ ውስጥ እንዴት ነፃ እንደሚወጣ ሲጠይቅ፣ ሺሪኪያና ነፃ የወጣው ሰው ማታ የት ያድራል ብላ ትጠይቃለች።

በዚያው ዓመት የወጣው የኃይሌ «አመድና ፍም» («አሽስ ኤንድ ኤምበርስ») ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ኔድ ቻርልስ የተባለ ወታደር ታሪክ ነው። ሰውነቱ ቢመለስም አእምሮው በጦር ሜዳ ቀርቷል። ፍሙን ከአመዱ ሥር ጠብቃ ያቆየችለት በገጠር የምትኖር አያቱ ናት። በአገራችን ማታ እሳቱን በአመድ አዳፍኖ ማሳደር የሴት ወይዘሮ ሥራ እንደሆነ ለሚያውቅ ተመልካች ይህ ርእስ ማብራሪያ አያሻውም። ፊልሙ ንግግር ይበዛበታል፤ ቢሆንም ለ«ጤዛ» መንገድ የጠረገው እርሱ ነው። አካሉ የዳነ ወይም የጎደለ፣ ትዝታው የሚያሳድደው፣ አሮጊት ዘመዱ በዝምታ የምትጠብቀው ተመላሽ እዚህ ላይ ተወልዷል።

4. «ሳንኮፋ» (1993) እና «በማይመለሱበት በር» (1997)

ሳንኮፋ በጋና የአካን ሕዝብ ቋንቋ ወደ ኋላ ተመልሶ የተረሳውን ማንሣት ማለት ነው፤ ምልክቱም አንገቷን ወደ ኋላ የመለሰች ወፍ ናት። ሞና የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የፋሽን ሞዴል በኬፕ ኮስት የባሪያ ምሽግ ቅጥር ግቢ ፎቶግራፍ ስትነሣ ትታያለች። ከበሮ መቺው ሽማግሌ ይገሥጻታል። ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ታሪክ ይዘጋባትና በሉዊዚያና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሾላ የምትባል የቤት ባሪያ ሆና ትነቃለች።

የዚህ ፊልም ጥንካሬ ባሪያውንና ጌታውን ፊት ለፊት በማቆሙ አያበቃም። በባሪያዎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ ይዳስሳል። ኑኑ አፍሪካን የምታስታውስ፣ ሌሎችን የምታጽናና እናት ናት። ልጇ ጆ ግን በግዳጅ የተፀነሰ ክልስ፣ በቄሱ ትምህርት የተያዘ የባሪያ አለቃ ነው። በመጨረሻ እናቱን በእጁ ይገድላል። ይህ ልጅ እናቱን የገደለው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እናቱን ጠላት አድርጎ የሚያይበት ዓይን ስለተሰጠው ነው። ትምህርት ከእናት ሊያጣላ የሚችል መሆኑን ኃይሌ እዚህ ላይ በመራራው አሳይቷል፤ ይህንኑ ነገር በ«ጤዛ» በሌላ መልክ ያነሣዋል።

ደካማ ጎንም አለው። የነጮቹ ገጸ ባሕርያት ጭካኔያቸው ብቻ ተሥሎ ውስጣቸው ባዶ ቀርቷል። ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ የነጮቹን ውስጥ ለዘመናት ሌሎች ፊልሞች አሳይተውናል ሊባል ይችላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን የታሪክ መልስ እንጂ የጥበብ መልስ አይደለም።

ሾላ በዐመፁ ውስጥ የደፈራትን ሰው ገድላ በአሞራ ክንፍ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ሞና ከምድር ቤቱ ስትወጣ ፎቶ አንሺው ይጠራታል፤ አትሰማውም። ባሕሩን ትይዩ ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ሄዳ ትቀመጣለች። ይዛ የተመለሰችው የሌሎችን ሥቃይ ነው፤ መልሷም ከእነርሱ ጎን መቀመጥ ነው።

ከፊልሙ ውጭ የሆነው ታሪክም የፊልሙን ያህል ያስተምራል። «ሳንኮፋ» በበርሊን ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል ለውድድር ቢቀርብም አሜሪካ ውስጥ የሚያሠራጨው ኩባንያ አልተገኘም። ባልና ሚስቱ ከየከተማው ጥቁር ማኅበረሰብ ጋር ተባብረው የሲኒማ አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ። በኋላም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትይዩ፣ በጆርጂያ ጎዳና፣ በዚሁ ስም መጻሕፍት ቤት ከፈቱ። እዚህ ላይ የ«ጡብ በጡብ» ሐሳብ ከስክሪን ወርዶ ቤት ሆኖ ይታያል። ፊልሙ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ታድሶ በኔትፍሊክስ አማካይነት ለዓለም ቀርቧል።

ሺሪኪያና በ«በማይመለሱበት በር» ወደዚያው የጋና ምሽግ ትሄዳለች፤ ግን ያለ ልቦለድ፣ በራሷ ስም። የአባቷን ዱካ ተከትላ ወደ አፍሪካ የምትመለስ ልጅ ናት። «ሳንኮፋ» በአሞራ ክንፍ የዘለለውን መንገድ እርሷ በእግር ትሄደዋለች። በሩ ባሪያዎች ወደ መርከብ የወጡበት ነው፤ ከባሕር ወደ ምድር የሚገባበት ሰው ግን አልታሰበም ነበር። በዚያ በር መግባት ብቻውን መመለስ ይሆናል ወይ? ከወዲያ የሚቀበል ዘመድ ከሌለስ? ፊልሙ ጥያቄውን በእንባ ሸፍኖ አያልፈውም። በእኔ አስተያየት «ሳንኮፋ»ን ያየ ሰው ይህን ካላየ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ያየ ያህል ነው።

5. «ያልተሟላ ጉዞ» (1994) እና «አድዋ» (1999)

በእነዚህ ሁለት ዘጋቢ ፊልሞች ላይ ብዙ አልቆይም። በ«ያልተሟላ ጉዞ» ኃይሌ ከፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ከሪሻርድ ካፑሺንስኪ ጋር ከደርግ ውድቀት በኋላ አገሩን ይዞራል፤ የሞቱባቸውንና የተሰደዱባቸውን ሰዎች ያነጋግራል። ጥያቄ ጠያቂው ራሱ ተመላሽ ነው፤ ስለዚህ ካሜራው አንዳንድ ጊዜ የሚያፍር ይመስላል። ርእሱም ሐቀኛ ነው፤ ጉዞው አልተሟላም።

«አድዋ» የጦርነት ትዕይንት አስመስሎ አያቀርብም። በሽማግሌዎች አንደበት፣ በሥዕልና በዘፈን ይተርካል። ለሥነ ቃል ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ድሉን ከመዝገብ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ከያዘበት ቅርጽ ነው የሚወስደው። ከኃይሌ ፊልሞች ሁሉ ባዶ እጅነት የማይታይበት ይህ ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚህ ላይ ይዞ የመጣው ከአባት የተቀበለውን አደራ ነው። አደራ ደግሞ ተመላሽን አያሳፍርም።

6. «ጤዛ» (2008)

«ጤዛ» በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመትም በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ለእኛ ግን ክብሩ ሌላ ነው፤ ከጣና ዳር ተነሥቶ ወደ ጣና ዳር የሚመለስ ፊልም ነው።

አንበርብር እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። በወጣትነቱ ጀርመን አገር የተማረ፣ በተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ የተሳተፈ፣ አብዮቱን ለማገልገል ወደ አዲስ አበባ የመጣ፣ በኋላም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ በዘረኞች ጥቃት እግሩን ያጣ ሰው ነው። ትዝታው ተሰባብሯል። ትረካውም ይህንኑ ተከትሎ ተሰባብሯል፤ ምልሰቱ ቅደም ተከተል የለውም፤ አንዱ ቁራጭ ሌላውን ሳይጠብቅ ይመጣል። ተመልካቹ እንደ አንበርብር ፍንካቹን እየለቀመ መግጠም አለበት። ቅርጹና ይዘቱ እንዲህ የተዋሐዱበት ሌላ የአማርኛ ፊልም አላየሁም።

እናቱ ታድፌ ልጇን ስታይ «ምን ይዘህ መጣህ?» አትልም። የምታየው የጎደለውን እግር ነው። ወንድሙ ግን ዝምታውን አይታገሥም። መንደሩ የተማረ ልጅ ልኮ ዘመናትን ጠብቋል፤ የመጣለት በሌሊት የሚቃዥ፣ ጠበል የሚወሰድ ሰው ነው። ከበበና አንበርብር እዚህ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ መሬቱን፣ ሌላው ትዝታውን ያጡ የአንድ አገር እብዶች ናቸው። ልዩነታቸው ግን አይናቅም፤ ከበበ የሚናገረው ነበረው፤ አንበርብር ቋንቋው ራሱ ጠፍቶበታል።

የጀርመኑ ክፍል ብዙ ይነቀፋል። ተማሪዎቹ እንደ በራሪ ወረቀት ነው የሚናገሩት ይባላል። እውነት ነው፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። አሁን ግን በከፊል ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ያ ትውልድ እንዲያ ይናገር ነበር። የቃላቱ ባዶነት የሚጋለጠው ወደ መንደሩ ስንመለስ ነው፤ ለእናት ሊነገር የሚችል አንድም ዐረፍተ ነገር ከዚያ ሁሉ ክርክር አልተረፈም።

ከሁሉ በላይ በሐያስያን የተዘነጋችው ካሳንድራ ናት። ጀርመን ተወልዳ ያደገች፣ የአፍሪካዊ ልጅ የሆነች የአንበርብር ፍቅረኛ ናት። አብዮተኞቹ ስለ መመለስ በደስታ ሲያወሩ እርሷ የምታየው የሚቀሩትን ነው። ተስፋዬ ወደ አገሩ ሲመለስ ጀርመናዊት ሚስቱንና ልጁን ትቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ የገዛ አብዮቱ ሰዎች ይገድሉታል፤ ልጁም አባት አልባ ይቀራል። መመለስ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ ተመላሹ አይደለም። በእኔ ንባብ ካሳንድራ የዶርቲና የሞና እኅት ናት። የሺሪኪያና ጥያቄ በአማርኛ ፊልም ውስጥ የገባው በእርሷ በኩል ነው፤ የሚሄደው ሰው ማን ላይ በሩን ይዘጋል?

በሐይቁ ዳር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ወታደሮች ለአፈሳ ሲመጡ ልጆቹ ወደ ዋሻ ይሸሻሉ። ኮረብታው ላይ የሙሶሊኒ ዘመን ቅሪት ቆሟል። ውሃው ግን ጸጥ ብሏል። ኃይሌ ጣናን እንደ ፖስት ካርድ አላነሣውም። ሐይቁ የልጅነት ጨዋታንም፣ የእናቶችን ጩኸትም እኩል የሚሰማ ምስክር ነው። ርእሱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በአማርኛ ጤዛ የሚረግፍ ዕድሜ ምሳሌ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። ነገር ግን ጤዛ በማግሥቱም ይወርዳል። ፊልሙ የተንጠለጠለው በእነዚህ በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። አንበርብር መንደሩ ካገለላት ከአዛኑ ጋር ይቀራረባል፤ እርሷም ትወልዳለች፤ እርሱ የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ይህ ፍጻሜ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰዓት የተቆለለ ቁስል በአንድ ልደትና በአንድ ጥቁር ሰሌዳ እንዴት ይሽራል አልሁ። በአዛኑ በኩል ያለኝ ቅሬታ ዛሬም አልተነሣም። የራሷ ታሪክ ያላት ሴት በመጨረሻ የተስፋ መውለጃ ብቻ መሆኗ ይቆጨኛል፤ ለካሳንድራ የተሰጠው አንደበት ለእርሷ አልተሰጠም።

በሰሌዳው ላይ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን በጦርነት ውስጥ ሲያልፍ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ፊልሙን በዚህ ዘመን እንደገና ከተማሪዎች ጋር ስመለከት የአንበርብር ሰሌዳ ቀላል ፍጻሜ አልመሰለኝም። በአፈሳ ዘመን በመንደር ውስጥ ክፍል ከፍቶ መቆም ከጀርመኑ ክርክር ሁሉ የከበደ ሥራ ነው። አንድ ተማሪ «መምህር፣ ሌላ ምን ይችል ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ፊልሙን የሚያሳንስ መስሎት ነበር፤ እኔ ግን ፊልሙን የገለጸው ሆኖ አገኘሁት። አንበርብር ይዞ የመጣው ጥቂት ነው፤ የሚያስቀረውም ያንኑ ጥቂት ነው። ይህ የነፍስ መልስ አይደለም፤ የቤት መልስ ነው። አንድ ጡብ ነው። የባልና የሚስቱ ክርክር እዚህ ላይ ታርቋል ብዬ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

7. ማጠቃለያ

ሺሪኪያና ከ«ጤዛ» በኋላ ባዘጋጀችው «የፓን አፍሪካኒዝም ዱካዎች» በተባለው ዘጋቢ ፊልም በክዋሜ ንክሩማ ዘመን ከአሜሪካና ከካሪቢያን ወደ ጋና ሄደው አዲሲቱን አገር በሥራ ያገዙ ጥቁሮችን ታስታውሳለች። እነዚህ ተመላሾች ሙያቸውን ይዘው ነው የሄዱት። ሞና ከእነርሱ ጎን ብትቀመጥ ቀጥላ ምን እንደምትሠራ ታውቅ ነበር።

ከዚህ ንባብ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው ስለ ፊልሞቹ ነው። ከ«ምርት ሦስት ሺ ዓመት» እስከ «ጤዛ» ያለው መንገድ የአንድ ሊቅ ብቸኛ ጉዞ ተደርጎ መነገሩ ትክክል አይመስለኝም። ቁስሉን የሚገልጥ አለ፤ በሩን የምትጠይቅ አለች። ሁለቱን አንድ ላይ ያላነበበ፣ አንበርብር ለምን አስተማሪ እንደሆነ ሊያስረዳን አይችልም።

ሁለተኛው ስለ እኛ ነው። በእነዚህ ፊልሞች ላይ የተጻፈው ጥናት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የከበበን ልፍለፋ ሰምና ወርቅ፣ «ጤዛ» የሚለውን ቃል ሁለት ፍቺ፣ የታድፌን ዝምታ ለመስማት ግን አማርኛ ያስፈልጋል። ይህ የእኛ የትምህርት ክፍል ሥራ ነው። ከመንደሩ ተልኮ የተማረው ሰው አንበርብር ብቻ አይደለም። በዚህ ሐይቅ ዳር ልጆቻቸውን ልከው የሚጠብቁ እናቶች አሉ፤ በአፍ አይጠይቁንም። በዓይን ግን ይጠይቁናል።